ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን ስለ መንቀፍ



በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 7 መጨረሻ ላይ አንድ አጭር የሸንጎ ክርክር ተጽፎ ይገኛል። የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታችንን ይዘው እንዲያመጡ የላኳቸው ሎሌዎች ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ጊዜ ሸንጎው ተቈጣ። በዚያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ኒቆዲሞስ አንድ የሕግ ጥያቄ አቀረበ፤ ይኸውም አንድ ሰው ቃሉ ሳይሰማ፥ ሥራውም ሳይመረመር እንዲፈረድበት በሕጋችን ተፈቅዶአልን የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ሕጉ በእጃቸው ነበረ። ኦሪት ዘዳግምን ቢገልጡ፥ ሙሴ ለፈራጆች የሰጠውን ትእዛዝ፥ የወንድማማቾችን ነገር እንዲሰሙ፥ ለታላቁም ለታናሹም እኩል ጆሮ እንዲሰጡ የሚያዝዘውን ቃል ባገኙ ነበር (ዘዳ 1፡16-17)። እነርሱ ግን መጽሐፉን አልገለጡም፤ በዚህ ፈንታ ኒቆዲሞስን ራሱን እርሱም የገሊላ ሰው እንደ ሆነ ጠየቁት (ዮሐ 7፡52)። እስቲ ኒቆዲሞስ በእውነት የገሊላ ሰው ቢሆን ኖሮ ብለን እናስብ። በዚህ ምክንያት ከኦሪት ዘዳግም አንድ ቃል ይለወጥ ነበርን? ሸንጎው ስለ ሕግ ተጠየቀ፥ ስለ አገር መለሰ። በዚያው ላይ ነቢይ ከገሊላ እንደማይነሣ መርምረህ እይ ማለታቸውም ትክክል አልነበረም፤ ነቢዩ ዮናስ የጋትሔፈር ሰው ነበርና (2ኛ ነገ 14፡25)፤ ጋትሔፈርም በገሊላ በዛብሎን ነገድ ርስት ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት (ኢያ 19፡13)። መርምር ያሉት እነርሱ ራሳቸው አልመረመሩም ነበር።

ይህን ታሪክ በሩቅ ዘመን የነበሩ የሌሎች ሰዎች ታሪክ አድርገን እንዳናነብበው እሰጋለሁ። በእኛም ዘንድ አንድ ሰው በስብሰባ ተነሥቶ ሲናገር፥ የተናገረው ሳይመዘን «ይህ የየት አገር ሰው ነው?» እየተባለ በጐን የሚንሾካሾክበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መልሱ ከተገኘ በኋላ ንግግሩን የሚያዳምጥ አይገኝም፤ ወገን የሆነው ሁሉን እውነት እንደ ተናገረ ይቈጠርለታል፥ ወገን ያልሆነውም ሁሉን ሐሰት።

በዘርአ ክህነት ፍልስፍና ስንማር መምህራችን ይህን ስሕተት በላቲን ስሙ «አርጉሜንቱም አድ ሆሚኔም» ብለው አስጠንተውናል፤ ወደ ሰውየው ያነጣጠረ ሙግት ማለት ነው። ስሙን ማጥናት ቀላል ነው፤ ስሕተቱን በገዛ አፍ ላይ መያዝ ግን ከባድ መሆኑን የተማርሁት ቈይቼ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማንኛውም ሙግት ሁለት ነገሮች አሉት። አንዱ ተናጋሪው እውነት ነው የሚለው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ለዚህ የሚያቀርበው ምክንያት ነው። ቤት በምሰሶው እንደሚቆም መደምደሚያም በምክንያቱ ይቆማል። ስለዚህ ሙግቱን ሊያፈርስ የሚፈልግ ሰው ወይ ምክንያቱ ሐሰት መሆኑን፥ ወይም ምክንያቱ እውነት ቢሆንም መደምደሚያውን ሊሸከም አለመቻሉን ማሳየት አለበት። የተናጋሪው ትውልድ፥ የትምህርቱ ማነስ፥ የጠባዩ ክፋት፥ የዕድሜው ልጅነት ከምሰሶዎቹ መካከል አይቈጠርም። ማለዳ ላይ አንድ የታወቀ ሌባ «በራችሁ ተከፍቶ አድሮአል» ቢለን፥ ስለ ሌብነቱ ከመከራከር ሄዶ በሩን ማየት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ ስም የጠራው ዛሬ የምንለውን ነቀፋ አልነበረም፤ ተከራካሪን እርሱ ራሱ ባመነው ነገር መያዝን ነበር። ይህኛው ከስድብ የራቀ ነው። ጌታችንም በብዔል ዜቡል አጋንንትን ያወጣል ብለው በከሰሱት ጊዜ የእነርሱ ልጆች አጋንንትን የሚያወጡት በማን ኃይል እንደ ሆነ ጠይቆአቸዋል (ማቴ 12፡27)። ራሳቸው የተቀበሉትን ነገር አስታወሳቸው እንጂ ማንነታቸውን አልሰደበም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ ሌላው፥ ስለ ተለመደው ነው።

በአማርኛችን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። እጅግ የተወደደ አባባል ነው፤ ስብሰባን ያስቃል፥ ተናጋሪንም ያስቀምጣል። ነገር ግን እስቲ ወጡን እናስበው። አንዲት ሴት የገዛ ወጥዋ እያረረባት ወደ ጐረቤትዋ ማጀት ገብታ «ወጥሽ ሊያርር ነው፥ አማስዪው» ብትል፥ በእርስዋ መሳቅ ያስኬድ ይሆናል። የጐረቤቲቱ ወጥ ማረር አለማረሩ ግን በዚያችኛዋ ድስት አይታወቅም፤ ክዳኑን ከፍቶ፥ በማማሰያ የድስቱን ታች ዳስሶ ነው የሚታወቀው። ጐረቤቲቱ ስቃ ዝም ካለች ሁለት ወጥ ያርራል። ምሳሌው የመካሪዋን ግብዝነት በትክክል ይገልጣል፤ ስለ ወጡ ግን የሚለው ነገር የለም። ከዚህ የተነሣ «አንተ ብሎ መካሪ!» የምንለው መልስ፥ መልስ ይመስላል እንጂ መልስ አይደለም።

ጌታችን ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ ያስተማረው ትምህርት (ማቴ 7፡3-5) ብዙ ጊዜ ለዚሁ ለአፍ መዝጊያ ሲጠቀስ እንሰማለን። ነገር ግን ቃሉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው፥ ጌታ በወንድም ዐይን ውስጥ ጉድፍ የለም እንዳላለ ያስተውላል። ጉድፉ አለ፤ መውጣትም አለበት። ምሰሶው አስቀድሞ እንዲወጣ የታዘዘው ጉድፉን አጥርቶ ለማየት እንዲቻል ነው። ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን በተናገረበትም ስፍራ (ማቴ 23፡2-3) ሕዝቡ የሚነግሩአቸውን እንዲጠብቁ፥ ሥራቸውን ግን እንዳይከተሉ አዝዞአል። አንድ ሰው ክፉ እየሠራ እውነት ሊያስተምር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ አነጋገር አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉዳይ በትልቅ ሕማም ተምራዋለች። በዲዮቅልጢያኖስ ስደት ጊዜ በሰሜን አፍሪቃ አንዳንድ ካህናት ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አስረክበው ነበር። ስደቱ ካለፈ በኋላ፥ ሴሲሊያኖስ የካርታጎ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም፥ የቀባው ፊሊክስ የተባለው ጳጳስ መጻሕፍትን አስረክቦአልና ሹመቱ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ፤ እነርሱም ኋላ ዶናቲስቶች ተባሉ። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ፊሊክስ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያን ግን «ክሱ ሐሰት ነበር» ብላ በዚያ ብቻ አልቆመችም። እ.ኤ.አ. በ314 የተሰበሰበው የአርል ጉባኤ፥ ያስረከበ ጳጳስ ቢሾም እንኳ የተሾመው ሰው ሹመት በዚህ ምክንያት እንደማይፈርስ ወሰነ። ከዚያም ቅዱስ አውግስጢኖስ ለብዙ ዓመታት ደክሞ፥ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ስለ ሆነ የአገልጋዩ ኃጢአት ጥምቀቱን እንደማያረክሰው አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ411 በካርታጎ በተደረገው ትልቅ ጉባኤም ከዶናቲስቶች ጋር ፊት ለፊት ተከራከረ። ምሥጢርና ሙግት አንድ አይደሉም፤ ምሥጢር በክርስቶስ ኃይል፥ ሙግት በምክንያቱ ይጸናል። ነገር ግን ሁለቱም በአቅራቢው ጽድቅ ላይ አለመመሥረታቸው ያመሳስላቸዋል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስም በዚህ መንገድ ሄዶአል። በዐቢዩ የነገረ መለኮት ድርሰቱ አስቀድሞ የተቃዋሚውን ምክንያት ሳያጐድል ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ይመልሳል። ከአረማዊው ከአሪስቶትል፥ ከእስላሞቹ ከአቪሴናና ከአቬሮኤስ፥ ከአይሁዳዊው ከሙሴ ማይሞኒደስ እውነት ያለውን ተቀብሎ፥ ያልተስማማበትን በምክንያት ነቅፎአል። የማን ልጅ እንደ ሆኑ ለማወቅ አልተቸገረም፤ ያውቅ ነበርና። ማወቁ ግን መመርመርን አላስቀረበትም።

ከዚህ ስሕተት አንድ በተለይ የከፋ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1864 እንግሊዛዊው የአንግሊካን ቄስና ደራሲ ቻርልስ ኪንግስሊ፥ እውነትን ስለ ራስዋ ስለ እውነት መውደድ በካቶሊክ ካህናት ዘንድ እንደ በጎ ምግባር እንደማይቈጠር በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ለዚህም ምስክር አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1845 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡትን አባ ጆን ሄንሪ ኒውማንን ጠራ። ኒውማን ይህን የት ተናግሬአለሁ ብለው ማስረጃ ቢጠይቁ፥ ኪንግስሊ ማስረጃ ከማቅረብ ይልቅ ሌላ ጽሑፍ አሳተመ፤ ከእንግዲህ ኒውማን ቢናገሩም ተንኰለኛ አነጋገር እንዳይሆን በምን አውቃለሁ የሚል መንፈስ ያለው ነበር። ኒውማን ይህን አሠራር የውኃ ጕድጓድን መመረዝ ብለው ጠሩት።

ምሳሌው ትክክል ነው። ተራው ነቃፊ አንድ እንስራ ውኃ ይደፋል፤ ይህኛው ግን ምንጩን ይበክላል። ተከሳሹ ቢክድ፥ «ውሸታም አይደለምን? መካዱ ምን ይደንቃል!» ይባላል። ቢያምን፥ «ይኸው አመነ» ይባላል። ዝም ቢል፥ «መልስ አጣ» ይባላል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ነገርንና ውኃን በአንድ ላይ አንሥተው ነው፤ ምንጩ የተመረዘ ሰው ግን ጥሩ ውኃ ይዞ ቢመጣም የሚቀምስለት የለም። ኒውማን ራሳቸው የተከሰሱት በእውነተኛነታቸው ስለ ነበር፥ መልሳቸውም ስለ ራሳቸው መሆን ነበረበት። የሃይማኖት ሐሳባቸውን ታሪክ ከልጅነታቸው ጀምረው እየጻፉ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በየሳምንቱ በክፍል አሳተሙት፤ «አፖሎጂያ ፕሮ ቪታ ሱዋ» የተባለው መጽሐፍ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ካርዲናል ሆኑ፤ በ2019ም ቅድስናቸው ታወጀ።

አሁን ወደ ገዛ ጥፋቴ ልመለስ። ክህነት በተቀበልሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባገለገልሁበት ቁምስና፥ ለአንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት የሚሆን ባሕር ዛፍ ገዛን። በቁምስናው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ምሥጢረ ተክሊል ሳይፈጽሙ ከሁለተኛ ሚስታቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሥተው፥ «አባ፥ ይህ እንጨት ገና እርጥብ ነው፤ ልጡም በወጉ አልተላጠም። ሳይደርቅ፥ እግሩም የተቃጠለ ዘይት ሳይቀባ ከቆመ ምስጥ ይጨርሰዋል» አሉ። እኔ እንጨቱን የመረጥሁት ራሴ ስለ ነበርሁ ንግግራቸው ከነከነኝ። «እርስዎ አስቀድመው የራስዎን ቤት ያቅኑ» አልኋቸው። ሰዉ ሳቀ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ፤ የእንጨቱም ነገር በዚያው ተዘጋ።

በሁለተኛው ክረምት ምሰሶዎቹ ከሥር ተበልተው ግድግዳው ዘመመ። ነገር ግን አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይሳሳት እለምናለሁ። ጥፋቴ እንጨቱ ስለ ተበላ ጥፋት አልሆነም። እንጨቱ 20 ዓመት ቢቆም ኖሮም ያው ጥፋት ነበር፤ ስለ ምስጥ ለቀረበ ምክንያት ስለ ጋብቻ መልሻለሁና። ስለ ጋብቻው የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ካህን ለብቻቸው ጠርቶ በርኅራኄ ሊነግራቸው የሚገባ እውነት ነበር። እኔ ያን እውነት የሰው አፍ መዝጊያ አድርጌ ተጠቀምሁበት፤ በዚህም ምክንያት ኋላ በተገቢው ስፍራ ልናገረው ብል የሚሰማኝ ጆሮ አላገኘሁም። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝ። ቃሌን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ የጠየቁኝ አሁን የገዛችሁት እንጨት ደረቅ ነው ወይ ብለው ብቻ ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ስለ ሰው ማንነት መጠየቅ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ምክንያት ሲያቀርብ ምክንያቱ ይመረመራል፤ «አይቻለሁ፥ ሰምቻለሁ» ብሎ ሲመሰክር ግን የምናምነው በእርሱ ቃል ስለ ሆነ የምስክሩ ታማኝነት የነገሩ ክፍል ይሆናል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የተጻፈው የሶስና ታሪክ ይህን ያሳያል። ሕዝቡ ሶስናን ለሞት የፈረደባት ከሳሾችዋ ሽማግሌዎችና ፈራጆች ስለ ሆኑ ብቻ አምኖአቸው ነው፤ ይህም ያው ስሕተት በግልባጩ ነው፤ የተናጋሪው ክብር በማስረጃ ፈንታ ተቈጠረ። ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች በብርቱ ቃል ገሥጾአቸዋል። ሐሰታቸው የተገለጠው ግን በተግሣጹ አይደለም፤ ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው ሁለት የተለያዩ ዛፎችን ስለ ጠሩ ነው።

ይህን ታሪክ እኛ ካህናት ደጋግመን ልናነብበው ይገባል። በዘመናችን በካህናትና በቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ላይ ከባድ ክስ ሲቀርብ ታይቶአል፤ በብዙ አገሮችም ክሱ እውነት ሆኖ ተገኝቶአል። በአንድ ካህን በደል ምክንያት «እንግዲህ የሚያስተምሩት ሁሉ ሐሰት ነው» ለሚለን ሰው፥ በደሉ ትምህርቱን ሐሰት እንደማያደርገው ማስረዳት እንችላለን፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ለዚህ ይጠቅማል። ነገር ግን «ይህ አገልጋይ በደለኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ያንኑ መልስ መስጠት ነውር ነው፤ እርሱ ስለ ትምህርቱ አልተናገረምና። የእርሱ ነገር ስለ ሰውየው ነው፤ ስለ ሰውየውም መመርመር አለበት። «የቤተ ክርስቲያን ጠላት ነው፤ ማን ልኮት ይሆን?» ብሎ ከሳሹን ማባረር የኒቆዲሞስ ሸንጎ የሠራውን መድገም ነው። ሶስናን ያዳናት አንድ ሰው ተነሥቶ እንደ ገና ይመርመር ማለቱ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ለተማሪዎች ለማስተማር ቢፈልጉ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተሻለ አይገኝም። ልጆቹ ታሪኩን ድርሻ ተካፍለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ፈሪሳውያኑ ስለ ሆነው ነገር የሚጠይቁባቸውን ስፍራዎች በአንድ ምልክት፥ ስለ ሰውየው ማንነት የሚናገሩባቸውን በሌላ ምልክት ያመልክቱ። በመጀመሪያ ዐይኖቹ እንዴት እንደ ተከፈቱ ይጠይቃሉ (9፡15)፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እየቈዩ ግን ምልክቱ ይለወጣል፤ በመጨረሻም በኃጢአት ተወልዶ ሳለ ሊያስተምረን ይፈልጋል ብለው ወደ ውጭ ያወጡታል (9፡34)። ልጆቹ ምልክቱ የተለወጠበትን ቍጥር ራሳቸው ቢያገኙት ይሻላል፤ አትንገሩአቸው።

ዐይነ ስውር የነበረውን ሰው መልስ ደግሞ ለየብቻ አንብቡላቸው። የፈወሰው ሰው ኃጢአተኛ መሆኑን በነገሩት ጊዜ፥ ስለዚያ እንደማያውቅ፥ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር፥ ይኸውም ዕውር እንደ ነበረና አሁን እንደሚያይ መሆኑን መለሰላቸው (9፡25)። ሊቃውንቱ ያደባለቁትን ሁለት ጥያቄ ይህ ትምህርት ያልነበረው ሰው ለያየው።

ከፍ ካለው ክፍል አንድ ብልህ ተማሪ፥ «ሰውየው ራሱ በቍጥር 31 እግዚአብሔር ኃጢአተኞችን አይሰማም ብሎ ስለ ማንነት አልተናገረምን?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ እኔንም ጠይቀውኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፥ አትለፉት። በሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፉ፤ በአንድ በኩል «ሥራው»፥ በሌላው በኩል «ማንነቱ»። ፈሪሳውያኑ ከማንነቱ ተነሥተው ወደ ሥራው ይሄዳሉ፤ ሰንበትን አይጠብቅምና ሥራው ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም ይላሉ። ዐይኑ የበራለት ሰው ግን ከታየው ሥራ ተነሥቶ ማን እንደ ሆነ ወደ ማወቅ ይሄዳል። ቀስቶቹን ተማሪዎቹ ይሥሩአቸው፤ ከዚያም ይኸው ጥያቄ በምዕራፍ 7 ለኒቆዲሞስ በቀረበበት ስፍራ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት ያሳዩአችሁ።